ቀብድ

ስሙ ወንድይፍራው ነው፤ የምፈራው ግን እኔ።
እሱ እንደ ግንድ ወድቆ ሲያንኮራፋ ከጎኔ፣
ትንፋሽ እየቆጠርኩ የምጠብቅ አዳሩን፣
በእጄ ጀርባ ዳብሼ የማይ ግንባሩን።

መሐል ሜዳ ብርድ ነው። ውርጩ ሣሩን ያነጣል፣
በባልዲ ያደረ ውሃ ቆዳ ያወጣል።
መድኃኒቱ እንዳይረጋ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልዬ
ማሰሮ ውስጥ አኖረዋለሁ፣ እንደ ሕፃን አባብዬ።
በባና ላይ ባና ደርበን እግር አልሞቅ ሲል፣
እንዲህ ባለ ሌሊት ላብ ከየት ይመጣል?
እሱን ግን ያልበዋል። ያ ነው ምልክቱ፤
ሸሚዙ ከጀርባው ሲጣበቅ፣ ሲቀዘቅዝ ፊቱ።

ሰፈሩ "ስኳር አለበት" ይላል።
እኔ የማውቀው ሌሊቱን ነው። ሌሊት ስኳሩ ያልቃል።

የገበያ ቀን ይብሳል።
ከመኪና ወደ ወፍጮ ቤት፣ የሰው ገብስ በጀርባው ሲያመላልስ ይመሻል።
መርፌውን ሆዱ ላይ ወግቶ፣ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ፣
"ደክሞኛል" ይልና ይተኛል እጁን ተንተርሶ።

ሲስተር ሙሉእመቤት ነግራናለች፦
"ጉልበት የወጣበት ቀን ሌሊቱን ይጠብቃል።
ሳይበላ አይተኛ። የማታውን መጠን ደግሞ መጥታችሁ እንመልከተው።
ከተንቀጠቀጠ ስኳር በውሃ። ራሱን ከሳተ ግን
አፉ ውስጥ ጠብታ እንዳትጨምሪ፤ ተሸክማችሁ ሩጡ።"
እንደ ሰው ብድር በቃሌ ይዤዋለሁ።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
መብራት የለም። የስልኬን ባትሪ አበራሁበት።
ዓይኑ ተገልጧል፣ እኔን ግን አያይም፤
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምንም አይጨብጥም።
ከቀሩኝ ሦስት ወረቀቶች አንዷን ከፍዬ ጣቱን ወጋሁት፤
አርባ አንድ።

ስኳር በጥብጬ "ጠጣ" ስለው ገፋኝ፣
"በዚህ ዋጋ? አልሸጥም!" ብሎ አፈጠጠብኝ።

ገበያ መሃል ነው እሱ። ጆንያው ከፊቱ ተደርድሯል፤
እኔን ደላላ አድርጎኛል፣ ወይ ሌባ፤ ማን ያውቃል።
ቀን የሰው ገብስ ተሸካሚው፣ አንድ ቁና የሌለው ባሌ
ሌሊት ባለ ገብስ ሆኖ ይኮራብኛል።

አምና አልቅሼ ለምኜው ነበር።
ብርጭቆው ግድግዳው ላይ ተሰበረ።
ዘንድሮ ገበያውን ለምጃለሁ።

"ኩንታሉ ስንት ነው?" አልኩት።
"ሰባት ሺህ።"
"አምስት ይሁን።"
"ሂጂ ወዲያ!"
"እሺ፣ ስድስት። ጨረስን። ይኸው ቀብዱን ያዝ"
ብዬ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አስጨበጥኩት።
ቀብድ አይገፋምና
ጠጣ። ግማሹ በአገጩ ወረደ፣ ግማሹ በጉሮሮው።
ሌላ ሦስት ማንኪያ በጠበጥኩ፦ "ይኸውልህ ቀሪው።"

ሩብ ሰዓት አጭር ነው ይላል ያልጠበቀው ሰው፣
ባሉን ደግፎ፣ አልጋ ጫፍ ተቀምጦ ያላሳለፈው።
ከጓሳ በኩል ነፋሱ ቆርቆሮውን አንኳኳ፤
እኔ የሰማሁት ጥርሱን ብቻ ነው፣ ሲንኳኳ፣
ቀስ ሲል፣ ሲተው።
ሁለተኛዋን ወረቀት አወጣሁ። ሰማንያ ስድስት።
አንድ ቀረችኝ።

"አሰገደች" አለ። ስሜን።
በሶ አብኩቼ ሰጠሁት፤ ስኳር ብቻውን አያሳድርም።
እያላመጠ፣ "ክፉ ተናገርኩሽ ወይ?"
"አይ። ነግደህ አደርክ።"

ጠዋት የስኳሩን ጣሳ ገልብጦ "ማን ጨረሰው?" ሲል
"ስድስት ሺህ ዕዳ አለብኝ፣ ገብሱን መቼ ነው የምታስረክበኝ?" አልኩት።
ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።
ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣
"ሰኞ ሲስተር ጋ እንሂድ" አለ፤ "መርፌው ይቀነስ።"

እስከዚያው ብርጭቆው ራስጌ ነው፣ ማንኪያው ውስጡ።
እኔም የዕለቱን የገብስ ዋጋ
ጎረቤት ጠይቄ ሳልሰማ
አልተኛም።