ከደረጃው ሥር

ዊኒፔግ፤ ጥር ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤
የቧንቧ ዕቃ መጋዘን፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለ ቤት።
ከደረጃው ሥር ጠባብ ክፍል፤ ውስጧ ሦስት ሣጥን፣
ቀን ከሌት እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርሙ የሚያሞቁን፤
ዐይናቸው አረንጓዴ፣
ሲከፋቸው ቀይ አንዳንዴ፤
የአሥራ አራት ዓመት ሒሳብ ሆዳቸው ውስጥ ያደረ፣
ማን ከፈለ፣ ማን አስቀረ፣ ማን በዱቤ ተበደረ።
ጫኝና አውራጁ ከውጭ ሲገባ ጣቱ ደንዝዞ፣
ጓንቱን እዚያ ይሰቅላል፤ ይወጣል ሙቀት ይዞ።

ክራን፣ ባለቤቱ፣ ከቶሮንቶ ስብሰባ ሲመለስ፣
ከሻንጣው ብሮሹር መዘዘ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ቄስ፦
«ደመና ላይ እንውጣ፤ ሣጥን ድሮ ቀረ፤
ወጪያችን በግማሽ ይወርዳል» አለና ደመረ።
መቀነስ ሲገባው ደመረ።

ኦክሳና ከሒሳብ ክፍል፣ ሹራቧን ወደ አንገቷ ስባ፣
«ደመናው ከቆጠረልህ፣ እኔ ቤቴ ልግባ?»
ጋርፊልድ፣ ሹፌሩ፣ ጣሪያውን አንጋጦ አየና፣
«ሲዘንብስ አይረጥብም ወይ፣ ይሄ ያላችሁት ደመና?»
ሳቅንበት።
ሁላችን ስንት ነው እንል ነበር፤ ሁላችን መቼ፤
ወዴት እንደሚወጣ ያየ እሱ ነበር፤ አውቄ ዝም አልኩ፣ ፈርቼ።

ደመና ሰማይ ላይ አይደለም፣ ጋሼ ክራን፤ ምድር ነው፤
መስኮት የሌለው አዳራሽ፣ ሌላ ከተማ ዳር ያለው፣
ውኃ የሚጠጣ፣ መብራት የሚበላ፣ ሺህ ሣጥን ተደርድሮ፣
በሰው መሬት፣ በሰው ጣሪያ፣ በሰው ሽቦ ታስሮ።
የሰው ጎተራ ነው። እህሉ ያንተ፤ በሩ የእሱ፤
ቆጣሪው አይተኛም፣ ሲሰፍሩም ሆነ ሲያፍሱ።

ይህን ያልኩት በልቤ ነው።

አንድ ቅዳሜ ይበቃል የተባለው ሰባት ወር ወሰደ።
ስድስት ስም ያላት አንዲት ቧንቧ፤ የሞተ ደንበኛ፣ ዕዳው ወለድ የወለደ።
ቤት የቀየረ ሁሉ ዕቃውን ያጠበ ይመስለዋል፤
ጓዝ ያው ጓዝ ነው፤ አቧራውም አብሮ ይጫናል።

በፋሲካ፣ ለሙከራ የከፈትኳትን ማሽን ረስቼ፣
ጊምሊ፣ ሐይቁ ዳር፣ አራት ቀን አርፌ ተኝቼ፣
እሷ ግን ለማንም ሳትሠራ፣ ስትሠራ ሰነበተች፤
ከደሞዜ የሚበልጥ ሒሳብ ይዛ ጠበቀች።
ክራን ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ መነጽሩን አወለቀ፤
«ግማሽ» የምትል ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ ራቀ።

«ደመናው ይጠብቀናል» ሲባል፣ እውነት፣ በሩ ብረት ነው፤
ቁልፋችን ግን ቢጫ ወረቀት ላይ፣ ከኦክሳና ስክሪን የተለጠፈው፣
ከድመቷ ፎቶ ጎን።
የመጋቢት ደረሰኝ በአንድ ጣት ሲሰረዝም፣ ሰረዘው እንዳዘዝነው፤
ቅጂ አኑርልን አላልንም፤ ያልተነገረ አደራ የማን ነው?
ያን ቀን ከደረጃው ሥር ወርጄ ሣጥኖቹን ለመንኳቸው፤
መጋቢትን መለሱልኝ።
በማግስቱ አጠፋናቸው።

ጥር ዞሮ መጣ። ጋርፊልድ፣ ጓንቱ በረዶ፣
በሩን በልማድ ሲከፍት ውኃ ተቀበለው፤
የቧንቧ ነጋዴው ቧንቧ በብርድ ፈንድቶ ነው።
ያቺ ሙቀት ለካ ቧንቧውንም ስታስታምም ኖራለች፤
በክራን ሒሳብ ውስጥ ግን የትኛው መስመር ላይ ተጻፈች?

ፎቅ ላይ ኦክሳና ደረሰኝ ታወጣለች፤ አንድ ቁጥር አልጠፋም፤
ሥራዋም አለ፤ ቆጣሪውን እንደ እሷ የሚቆጣ የለም።
ጋርፊልድ እግሩን ከውኃው አውጥቶ፣ ሽቅብ አየና፣
«ረጠበ» አለኝ፤ «ግን የእኛው ቤት ነው። ደረቅ ነው ደመና።»
ጓንቱን እንደያዘ ቆመ። የእኛ ሙቀት፣ በዚያች ሰዓት፣
ከአንድ መስኮት አልባ ጣሪያ ላይ ይተናል፣ ማንም ጓንት ሳይሰቅልበት።