እርሳስ

ከአቃቂ ድልድይ ሥር፣ ጠርሙስ ቁጥር ሰባት፤
«ሽታ አለው፣ አረፋም» ብዬ ጻፍኩ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት።
ማዶ እናቴ አለች፣ ቦቲዋን ተጫምታ፣
ጎመን ታጠጣለች ከዚሁ ወንዝ ቀድታ።

አንደኛ ክፍል ስገባ፣ በአራት እስር ጎመን
እርሳስ ገዛችልኝ፤
ከዚያም ወዲህ እንዲሁ፣ እሷ አንድ እስር ስትሸጥ
እኔ አንድ ገጽ ገለጥኩኝ።
ዘንድሮ ያን ቅጠል
አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ ለምርመራ ላኩኝ።

ውጤቱ መጣ፦ ክሮምየም፣ ጥቂት፤
እርሳስ፣ ከመጠን በላይ፣ ከሥሩ እስከ አናት።

አማካሪዬ ደወሉ፦ «ምክረ ሐሳቡስ? ምዕራፍ አምስት የት አለ?»
ቆዳ ፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ተሰቀለ፦
«የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፤ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት፤
ደመወዝ፦ በስምምነት።»

እናቴ ተሻገረች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።
«ውሃው ምን አለሽ፣ ልጄ?»
ዝም አልኳት።
ስሙ አንድ ነው፤ ከየትኛው እርሳስ ልጀምርላት?

ሁለት እስር ቋጠረች፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣
«እንቺ፣ ላስተማረሽ ሰው ይህን ስጪልኝ» ብላ።

ሚኒባስ ውስጥ፣ ወደ ሳሪስ፣
ጠርሙሶቹ ከእግሬ ሥር፣ ጎመኑ ጭኔ ላይ ነው።
አጠገቤ ያለች ሴት ቅጠሉን ዳበሰች፦
«ሲያምር! በስንት ገዛሽው?»