ቁራኛ

ማክሰኞ ለኪሳራው፣ ሐሙስ ለወንጀሉ፣
ሁለቱ ቀጠሮ ባንድ ሳምንት ዋሉ።
አንትወርፕ ይዘንባል። ሦስቱን ቫን ወሰዱ፤
ቁልፋቸው ኪሴ ውስጥ፣ ሲንሿሿ መንገዱ።

ድሮ ባለዕዳና ባለገንዘብ አብረው
ይሄዱ ነበር ዳኛ ዘንድ፣ ነጠላ ተቋጥረው፤
ዝናብ ሲመታቸው አንድ ዛፍ አስጠልሎ፣
ቆሎም ቢገኝ እንኳ ለሁለት ተከፍሎ።
የእኔ አበዳሪ ፖስታ ነው፤ መስኮት ያለው ፖስታ፣
ስሜን ያሳያል እንጂ አይመልስም ሰላምታ።

ጠበቃዬ ሊስቤት፣ «ማክሰኞ ሁሉን ተናገር፤
ሐሙስ ግን፣ አደራ፣ እንዳትተነፍስ ነገር።»

«እሮብስ?» አልኳት። ዝም። ጃንጥላዋን ዘረጋች።

ያን የሐሰት ደረሰኝ የፈረመ እጄ
እሮብ ከእኔ ጋር ነው፣ ቁራኛ ወዳጄ።