ሁለት ቀጭን መስመር

በአታካማ ምድረ በዳ፣ ዝናብ ስሙ በተረሳበት፣
ደመና እንኳ እንደ ባዳ መንገድ ስቶ በሚያልፍበት፣
ኤውላሊያ አያቪሬ የሌሊት ዘበኛ ናት፤
የመስታወት ዘበኛ።

ስምንት ሜትር ወርዱ፣ ከፀጉር በቀጠነ ብር ተለብጦ፣
ቀን ቀን ይተኛል በብርድ ቤት፣ ከፀሐይ ዓይን አምልጦ።
እጅ አይነካውም፤ አቧራውን በበረዶ ጋዝ ታራግፋለች፣
የጣት አሻራ ያየች ለት ሌሊቱን ሙሉ ትብሰለሰላለች።

ሲመሽ ጣሪያው ይከፈታል፤ ብረት በብረት ላይ ያጉረመርማል።
ከዚያ ዝም።
ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ ይገባል፣
መስታወቱ ተንጋሎ ይጠጣል።

ያን ለት አባቷ መጣ።
ዶን ሴቬሪኖ፣ አርባ ዓመት ጨው ሲዝቅ የኖረ፣
ነጸብራቁ ዓይኑን የበላው፣ ጣቱ እንደ ሜዳው ተሰንጥቆ የቀረ፤
ልጁ የምትሠራበትን ተራራ ከታች እያየ፣
አንድ ቀን እንኳ ወጥቶት አያውቅም።
“ኮከቡስ የታለ?” አለ፣ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ።

ከፊቱ አንድ የኮምፒውተር ስክሪን ብቻ፤
ከቀይ እስከ ሐምራዊ እንደ መቀነት የተዘረጋ ቀለም።
“ይኸው፤ ኮከብ ሲተረተር እንዲህ ነው።
ብርሃን ሞገድ ነው፣ አባዬ፤ እንደ አንቶፋጋስታ ባሕር፣
ቀዩ እርምጃው ረጅም፣ ሰማያዊው አጭር፤
አብሮ ሲመጣ ነጭ ይመስላል፣ ሲተረተር ያወጣል ምስጢር።
እዚህ ቢጫው መሐል፣ መንታ የመሰሉ
ሁለት ቀጭን ጥቁር መስመሮች አሉ፤
ጨው ነው።”

ሳቀ ሽማግሌው፤ ሳሉ እስኪነሳ ሳቀ፤
“ጨው ነጭ ነው ልጄ፤ ይህንስ ከእኔ በላይ ማን አወቀ?”

ወደ ማድ ቤቱ ወሰደችው። የጋዝ ምድጃውን ለኮሰች፤
ነበልባሉ ሰማያዊ።
በሁለት ጣቷ ጨው ቆንጥራ በተነችበት፤
እሳቱ ባንዴ ቢጫ ለበሰ፣ የገዛ እጁ ቀለም ተለወጠበት።

“በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲግል ይህን ቢጫ ይሰጣል፤
ጋዝ ሆኖ ከሚነድ እሳት ፊት ሲቆም ግን፣ ያንኑ ይውጣል።
ለዚህ ነው የጠቆረው።”

“እንደ አራጣ አበዳሪ ነዋ፣
በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው የሚቀማ” አለ፤
ከምድጃው ዳር የወደቀውን ጨው በጣቱ ነክቶ ቀመሰ።
ከዚያም፣ “ያን ያህል ሩቅ ማን ጭኖ ወሰደው? በየትኛው መኪና?”

“ማንም። እንዲያውም ወደ እኛ ነው የመጣው፤
ፀሐይ ሳትወለድ በፊት
ግዙፍ ኮከቦች ፈንድተው ነው የበተኑት።
አርባ ዓመት የዛቅከው የሟች ኮከብ አመድ ነው።”

እኛ ጨውን “ለራስህ ስትል ጣፍጥ” እንለዋለን፣
“አለዚያ ድንጋይ ነህ” ብለን እናስፈራራዋለን።
እዚያ ግን ምላስ የለ፣ ወጥ የለ፣
ለማን ብሎ ይጣፍጣል?
ዝም ብሎ ከብርሃኑ ላይ ሁለት ክር ይመዝዛል፤
ያቺ ክር ማጣት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተጉዛ፣
ከአንድ ጨው ዛቂ ፊት ትደርሳለች።

ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። መስመሮቹ ከምድጃው ቢጫ ቦታ
የፀጉር ያህል ወደ ቀዩ ዘመም ብለዋል።
“ኮከቡ እየራቀን ነው” አለች፤ “የሚሄድ ነገር ሞገዱ ይለጠጣል።”
ምሳሌ ልትፈልግለት ስትል ቀደማት፤

“አውቀዋለሁ። ወንድሜ ፌርሚን የሄደ ዕለት፣
ባቡሩ ሲመጣ ፉጨቱ ቀጭን ነበር፤
አጠገቤን አልፎ ሲሄድ ግን ወረደ፣ ጎረነነ።
ልቅሶ ነው ጆሮዬን የደፈነው ብዬ
ሃምሳ ዓመት እንዲያ መሰለኝ።”

አንዳቸውም አልተናገሩ።
በዚያ ዘገምተኛ ጣቱ ሁለቱን መስመሮች ዳበሰ፤
እንደ ሕፃን ቅንድብ።

ጎህ ሲቀድ ጣሪያው ተዘጋ፤ እሱ በሠራተኞች አውቶቡስ ወረደ።
መዝገቡ ላይ ጻፈች፦
“ሌሊቱ ጥርት ያለ። ነፋስ ከሰሜን። እንግዳ፣ አንድ።”
ስክሪኑ ላይ፣ ቢጫው መሐል፣ የጣት አሻራ ነበር፤ ነጭ፣ የጨው።
ጨርቋን አነሳች።
መልሳ አስቀመጠችው።