ባለርስቱ

ሰኔ ነው በኩዊንስላንድ፤ ዝናብ የለም፣ ደረቅ ብርድ፤
ኔሪዳ ተማሪ አድርሳ፣ ባዶ አውቶቡስ ስትነዳ በመንገድ፣
አየቻት ከዛፉ ሥር፣ እንደ ሰው የተቀመጠች፤
ኮዋላ ቀን መሬት ከዋለች፣ አንድ ነገር ሆናለች።
በሹራቧ ጠቅልላ አነሳቻት።
አልቧጨረችም። ቀለለች።

ዛፉን እኛ ባህር ዛፍ ነው የምንለው፣
መቶ ዓመት አብሮን ቢኖርም፣ በእንግድነቱ የሰየምነው፤
እዚህ ግን ማዶ የለውም፤ ባህርም አልተሻገረ፣
በገዛ አፈሩ የቆመ፣ በገዛ ጥላው የኖረ።

ድዷን ገልጦ አየ ሐኪሙ፣ ኢስትቫን፤ ነጭ እንደ ኖራ፤
ከክንዷ ጥቂት ደም ቀድቶ፣ የማጉያውን መብራት አበራ።
አጎንብሶ ቆየ። ዝም አለ። ቆየ ደግሞ።
ነጫጭ ሕዋስ እንደ ገበያ ተጋፍቶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ቆሞ።
«የደም ካንሰር» አለ። እሷም «ከማን ያዛት?» ስትለው፣
እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«አልያዛትም፤ ወርሳው ነው።»

ማን እንዳመጣው አይታወቅ፤ ከአይጥ ይሁን ከሌሊት ወፍ፣
መጣ እንጂ አንድ ዘመን፣ ለአንድ ሌሊት ሊያርፍ።
ሌላው ቫይረስ ሳንባ ላይ፣ ጉሮሮ ላይ ያድርና ይሄዳል፤
ወይ ይገድላል፣ ወይ ይሞታል።
ይሄኛው ግን እንቁላል ውስጥ፣ ዘር ውስጥ ገብቶ ተኛ፤
ሲነጋ ስሙ ተጽፏል፣ ከቤተሰቡ እንደ አንደኛ።
ከዚያ ወዲያ ማን ይለየው? አጥንት ቢቆጠር እስከ ሰባት፣
እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ በሁሉም ዘንድ አለው ቤት።
ርስቱን በደም ተከለ፤ ጠባዩን ግን አልረሳም፤
ባለቤት ከሆነም ወዲያ፣ ቤት ማቃጠሉን አልተወም።

ኔሪዳ ከረጢቷን ገልጣ፣ ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች፤
አንዲት ጡጫ የምታህል፣ ጸጉር ማብቀል የጀመረች።
«እሷስ?»
ሐኪሙ መለሰ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ፣
«እሷም አላት። እዚህ ሁሉም አላቸው።
ማን ያውቃል፣ ይነሳ አይነሳ።»

ቆይቶ፣ እጁን ሲታጠብ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ አላት፦
«የእኛም ደም ፊደሉ ቢነበብ፣ ከመቶው ስምንት እጅ የእነሱ ናት፤
ጥንት መጥተው የቀሩ፣ እንደ መቃብር ዝም ያሉ።
ዝም ያላለም አለ፤ ጽንስ ከእናቱ የሚያጣብቀውን
ያን ሥጋ አብረው ይሠራሉ።»

እሱ በራሱ ቋንቋ ነው ያላት፤ እኔ ግን በኔው ስሰማ፣
«የእንግዴ ልጅ» እንላለን፤
ማን ነግሮን ይሆን ያን ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ?

እናቲቱን አስተኟት። መርፌዋ አጭር ናት፤ አላስጨነቀቻት።
ኔሪዳ ግልገሏን በሱፍ ካልሲ፣ ካልሲውን በደረቷ ይዛ፣
ወተቱ ለብ እስኪል ቆመች፣
አውቶቡሷ ውጭ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ በርዳ።
በየሦስት ሰዓቱ ነው ሌሊቱን ሙሉ፤ ታውቃለች።
ጆሮዋን በጣቷ ዳሰሰች፤
ጫፉ ላይ ነጭ ጭራሮ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ።
የእናቷ ጆሮ ነው፤ ቁርጥ።