ውሃ ልክ

እሑድ ነው። መጋዘኑ በትልቅ ጓጉንቸር ታስሯል፣
የጭነት መኪናው ሚዛን ያለ ጭነት አድሯል።
ሥራዬ ሰኞ ነው፤ የቡናውን ኪሎ ማቅናት፣
ዛሬ ግን ሰው ነኝ፤ ያለ ፊርማ፣ ያለ ሰዓት።

ከሆቴሉ ወጣሁ ጫማዬን ሳላስጠርግ፣
ሊስትሮው ሲጠራኝ «ስመለስ» አልኩ፣ ያዝኩ ጥግ።
ጅማ ሌሊቱን ሙሉ በዝናብ ታጥባ አድራለች፣
እንደ ተደፋ ሰሃን አሁንም ታንጠባጥባለች።

ፈረንጅ አራዳ ገባሁ። ፈረንጁ ሄዶ ስሙ ቀርቷል፣
ከሰገነቱ ብረት ላይ የልጅ ቁምጣ ተሰጥቷል።
ቢጫው ሲላጥ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሲላጥ ነጭ፣
ከነጩ ሥር የዓረብ ፊደል ደብዝዞ ሲል ብልጭ፤
የጨርቅ ነጋዴ ስም ይሁን፣ ወይ የድሮ የጨው ዋጋ፣
ማንበብ ባልችልም ቅሉ ነካሁት ብዬ ጠጋ።

አመል ሆኖብኝ ውሃ ልክ ከኪሴ አይጠፋም፣
ሚስቴ «ከእኔ ይልቅ እሱን» ትላለች፤ አልከፋም።
ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት፤ አረፋዋ ሮጠች ግራ፣
በረንዳው ላይ ወደ ቀኝ፣ ከጠርዙ ጋር ተማክራ።
ሰማንያ ዓመት እንዲህ ዘሞ የቆመ ቤት!
በእኔ መዝገብ ቢሆን ኖሮ «ይነሣ» የሚል ውሳኔ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈበት።

«ምን ትለካለህ?» አለች ከሰገነቱ አንዲት ሕፃን፣
ማንጎ እየመጠጠች፣ እንደ ባለ ሥልጣን።
«ቤታችሁ ምን ያህል እንደ ዘመመ» አልኳት፣
ዝም ብላ አየችኝ፤ መሰለኝ ገረምኳት።
«አልዘመመም» አለች፤ «ወንዙን ሊያይ ጎንበስ ብሎ ነው»፣
ፍሬውን ወርውራ ገባች። እኔም አልኩኝ፤ «ይሁን፤ ነው»።

አዌቱ ከድልድዩ ሥር ቡናማ ሆኖ ይሄዳል፣
አንድ ነጠላ ጫማ፣ የሙዝ ቅጠል፣ ያገኘውን ይወስዳል።
ባለ ባጃጁ «ጅሬን! ቤተ መንግሥት!» ይለኛል፣
«ሌላ ጊዜ» አልኩት፤ ዳገቱ ለዛሬ ይበዛኛል።

ሂርማታ ስደርስ አንድ ሽማግሌ፣ አባ ፎጊ፣
መጥረቢያቸው አያርፍም ለሂያጅ፣ ለፈላጊ።
«በእሑድ?» አልኳቸው። ሳቁ።
«የእኔ እሑድ አርብ ነው፤ ከትናንት ወዲያ አለፈ፣
የአንተ ግን የእግርህ ድካም ፊትህ ላይ ተጻፈ፤
ታኢ፣ ተቀመጥ» ብለው አንድ በርጩማ አቀበሉኝ፣
ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የወጣ፤ «ገና አልደረቀም» አሉኝ።

መሬቱ ወጣ ገባ፣ ጭቃና ጠጠር ያለበት፣
ይወላገዳል ብዬ እየፈራሁ ተቀመጥኩበት፤
ዝም።
ተነሣሁ፤ ቦታ ቀየርኩ፤ ተዳፋቱ ላይ፣
ከቦዩ ጠርዝ፣ ከሥሩ ጉብታ፤ ዝም፣ እንደ ተተከለ ድንጋይ።
ውሃ ልኬን ላወጣ ስል አባ ፎጊ እጄን ያዙ፤
«አራት እግር ያለው ነው ደልዳላ መሬት የሚለምን፣
ሦስት ካለህ ግን…» አሉ፤ ጨርሰው አልነገሩኝም ምን።
መጥረቢያው ወደ እንጨቱ ተመለሰ፤ ፍልጡ በረረ፣
አንዱ ስንጥር ከጫማዬ ጎን ወድቆ እዚያው ቀረ።

ተቀምጬ ዋልኩ። ነጠላ የለበሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣
አዛን ሲሰማ ሌሎች ለውዱእ ሲነሡ፣
ማር ሻጯ ከንቦች ጋር ስትጨቃጨቅ፣
ሙሽራው ለፎቶ ቆሞ፣ አንሺው ሲያዝዘው «ሳቅ!»
አየሁ። አልለካሁም። አንድም ቁጥር አልጻፍኩም፣
ስንት ሰዓት እንደ ሆነ እንኳ ማንንም አልጠየቅኩም።

ወደ ማታ ዝናቡ መጣ እንደ ዘገየ እንግዳ፣
በርጩማውን ገዝቼ ራሴ ላይ ደፋሁት፣ ያለ ክርክር፣ ያለ ዕዳ።
ሊስትሮው አወቀኝ፤ «ስመለስ ብለህ ነበር» አለ፣
ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጫማዬ ግማሽ ጅማን አዝሏል፣ ከነቅጠሉ፣ ከነጠጠሩ፣ እንዳለ።
ሒሳቡን ሰጠሁት፤ «ጭቃውን ግን ተወው» አልኩት።

ነገ ሚዛኑ ላይ ስቆም
ቁጥሩ ጥቂት ቢተርፍ
አላቀናውም።