ጥያቄ አርባ ሰባት

ጎንደር፣ አራዳ። መብራት ጠፍቷል። ከፍርድ ቤቱ ጓሮ፣
ከመዝገብ ክፍል ውስጥ፣ ከአቧራው ከአይጡ ጋር፣
ሁለት ሰው አምሽቷል በአንድ እርሳስ መቅረጫ፣
እኔና ይዘንጋው።
(ስሙ ነው ይዘንጋው፤ እሱስ አይዘነጋም፣
አንቀጽ ከነቁጥሩ ከአፉ ጠፍቶ አያውቅም፤
የምረሳው እኔ ነኝ።)

ውሃ የሞላ ሃይላንድ ስልኬ ላይ አቁሜ፣
ብርሃኑ ተሰብሮ ጣራው ላይ ሲዋኝ፣
ከመቶ ጥያቄ ፊት እንደ ተከሳሽ ቆሜ፣
ዐሥራ ሁለት ዓመት ማኅተም የመታሁ፣
የሰው ቀን ቆርጬ ቀጠሮ የሰጠሁ፣
ሬጅስትራሯ እኔ፣
ለሦስተኛ ጊዜ፣ ለጥብቅና ፈቃድ፣
እንደ ተማሪ ልጅ እርሳስ እቀርጻለሁ።

"አንዱን ብቻ ምረጥ" ይላል ትእዛዙ
(ለወንድ ነው የሚያዝዝ፤ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ)፤
"ክቧን አጥቁራት" ይላል፣ "ከጠርዟ እንዳትወጣ"፤
ከጠርዟ ከወጣህ ማሽን አያነብህም፣
ያላነበበህ ደግሞ አልፈሃል አይልህም።

አባቴ ያወራ ነበር፣ እሱም ከአባቱ ሰምቶ፣
ጭልጋ ዋርካ ሥር ተሟጋች ተነሥቶ፣
ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ወደ ዳኛው ዘርግቶ፣
"በላ ልበልሃ!" ሲል፣
ነገሩን በግጥም እያወረደ፣ እየሰቀለ፣
መንገደኛው ነጋዴ አህያውን ረስቶ ሲሰማ ይውል ነበር አለ።
ነገር በምሳሌ ያኔ ነበር እንጂ
ዛሬ ነገር በክብ፤
አፍ ተለጉሞ ተቀምጦ፣ እርሳስ ነው የሚሟገት።

ጥያቄ አርባ ሰባት።
"አቶ ሀ ለወይዘሮ ለ ቤት ሸጡ። ሙሉ ዋጋ ተቀበሉ።
ሳያስረክቡ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ።
ወይዘሮ ለ ከሰሱ። አቶ ሀ የይርጋ መቃወሚያ አነሡ።
ሀ. ቤቱን ይረከባሉ።
ለ. ገንዘቡ ይመለሳል።
ሐ. ግምቱ ለሁለት ይከፈላል።
መ. ክሱ በይርጋ ይታገዳል።"

ይዘንጋው ቀና ሳይል፣ ቆሎውን እየቆረጠመ፣
"መ" አለ፤ "ሺህ ስምንት መቶ አርባ አምስት፤
ዐሥር ዓመት፤ አለቀ። ቀጥይ እንጂ!"

እኔ ግን ወይዘሮ ለን በዓይን አውቃቸዋለሁ።
አንጓች ነው ስማቸው። ከአዘዞ ነው የሚመጡ፣
ባጃጅ ካገኙ በባጃጅ፣ ካጡ በእግር እየወጡ፤
ውሉን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በሻሽ ቋጥረው፣
መስኮቴ ሥር ቆመው።
ውሉ ለካ ስምንት ዓመት ከልጃቸው ኪስ ኖሯል፤
ልጁም ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ኖሯል፤
ሲመለስ ወረቀቱ መጣ፣ ቀኑ ግን አልፏል።

"እማማ፣ በይርጋ ቀርቷል" አልኋቸው፣ እንደ ሥራዬ።
"ይርጋ ማነው?" አሉኝ።
"ይርጋ የሚባል ሰው አላውቅም፣ ልጄ፤
ቤቱን የሸጠልኝ አስረስ ነው፣ የወረታው ልጅ።"
ሣቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሣቅሁ።
ሰው አይደለም፣ ሕግ ነው፤ ነገሩ ይርጋ ማለት፣
አሮጌ ጠብ ይተኛ፣ ይስከን ማለት ነው ብዬ ሳስረዳቸው፣
ዝም ብለው ሰሙኝና፣
"እሺ፣ ነገሩስ ይርጋ፤ እኔስ የት ልርጋ?" ብለው
ቋጠሯቸውን አነሡ።

"ቀጥይ" ይለኛል ይዘንጋው።
መልሱ መ ነው፤ አውቃለሁ። ሕጉም ቂም የለውም፤
ምስክር ይሞታል፣ ቀለም ይደበዝዛል፣
ሰው በአያቱ ዕዳ ሲከሰስ መኖር የለበትም።
ይህን ሁሉ አምኜ
መን አጠቆርሁ፣ ከጠርዟ ሳልወጣ።

ከመ ቀጥሎ ግን፣ ፊደል እንደቆጠርነው፣ ሠ ነበረች።
ከኅዳጉ ላይ በቀጭኑ ጻፍኋት፦
"ሠ. ለምን እንደዘገዩ ይጠየቁ።"
ትንሽ አየኋትና
በላጲስ አጠፋኋት፤ ማሽኑ አያነባትም።
ፍርፋሪዋን እፍ ስል አይጡ ከመዝገቦቹ ኋላ ተንኮሻኮሸ፣
ይዘንጋውም ቆሎውን ዘረጋልኝ፦
"አርባ ስምንት።"